ማሩና ሰሙ፤ ስለ ንብ በቤሩት ባለቅኔዎችና በግዕዝ ሊቃውንት ዘንድ

መኃልየ መኃልይን የሚደግም ሰው በአራተኛው ምዕራፍ በዐሥራ አንደኛው ቍጥር ላይ ሲደርስ ማርና ሊባኖስ በአንድ ስፍራ ተጐራብተው ያገኛቸዋል። የሙሽራይቱ ከንፈር በጸቃውዕ፣ ማለት በማር እንጀራ፣ ይመሰላል፤ የልብሷ መዓዛ ደግሞ በሊባኖስ መዓዛ። መተርጕማን ሙሽራይቱን አንድም ቤተ ክርስቲያን አንድም እመቤታችን እያሉ ሲያመሰጥሩ፣ ማሩን የትምህርት ጣዕም፣ መዓዛውንም የምግባር ሽታ ያደርጉታል። ይህ ምስጢር በአገራችን በየጉባኤው የሚነገር ስለ ሆነ ብዙ ሐተታ አያሻውም። ነገር ግን ከዚያው ከሊባኖስ ተራራ ግርጌ በባሕር ዳር የተቀመጠችው ቤሩት ስለ ማር የራሷ የሆነ ቅኔ እንዳላት የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ቅኔውም በዕብራይስጥ ወይም በዐረብ ሳይሆን በጽርእ የተደረሰ ነው። የዚህ ቅኔ ጣዕም ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ምንስ እንደ ጐደለው፣ በግዕዝ ሊቃውንት ሚዛን ቢመዘን የሚገባ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ደራሲው ኖኖስ ይባላል፤ የነበረውም በ5ኛው መቶ ዓመት ነው። አገሩ በላይኛው ግብጽ፣ ዛሬ አኽሚም በምትባለው በፓኖፖሊስ ነበረ። ከከተማይቱ አንጻር፣ ከዓባይ ማዶ፣ በስንክሳር የሚታሰበው የአባ ሲኖዳ ገዳም ይገኝ ነበር። ኖኖስ የዮሐንስን ወንጌል በጽርእ ግጥም መልሶ የጻፈ ሰው ነው፤ ደግሞም ስለ አረማውያን ጣዖት ስለ ዲዮኒሶስ 48 ክፍል ያለው ድርሰት ደርሷል። አንዱ ብርዕ ሁለቱን መጻፉ ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚያስፈልገው የሁለተኛው ድርሰት 41ኛ ክፍል ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ቤሩት ቤሮኤ የምትባል ሕፃን ሆና ትወለዳለች። የጽድቅና የፍርድ እመቤት ተብላ በአረማውያን የምትታሰበው አስትራያ ሞግዚት ሆና ትቀበላታለች፤ ከወተቷ ጋር ሕግን ታጠባታለች፤ ከዚያም የአቴናን ንብ ሥራ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለውን የማር እንጀራ፣ ጨምቃ በጥበብ ጽዋ ለሕፃኒቱ አፍ ታቀርባለች።

ይህ ምሳሌ ከባዶ የተነሣ አይደለም። ቤሩት በዚያ ዘመን የሕግ ትምህርት ቤት የነበረባት ከተማ ናት፤ ዮስጢንያኖስ ቄሣር በ533 ሕግ እንዲሰጥባቸው ከፈቀደላቸው ከሦስቱ ከተሞች፣ ከሮምና ከቍስጥንጥንያ ጋር፣ አንዲቱ እርሷ ነበረች። እንግዲህ የባለቅኔው አሳብ ግልጥ ነው፤ ወተቱ ሕጉ ነው፣ ማሩ ደግሞ ሕጉን የሚናገር አንደበት ነው። ወተት አጥንት ያጸናል እንጂ ምላስ አይፈታም። ዳኛ ሕግ ዐውቆ መናገር ባይችል፣ ጠበቃም መናገር ዐውቆ ሕግ ባይኖረው፣ ሁለቱም ጐዶሎ መሆናቸውን ኖኖስ በአንድ ጽዋ አሳይቷል። ይህን ያህል ነገር በጥቂት ቃል መሸከም የዐዋቂ ሥራ ነው፤ ሊነፈገው የማይገባ ምስጋናም ነው።

ነገር ግን ማሩ ከወዴት መጣ? ከአቴና። ባለቅኔው የሊባኖስን ተራራ ከነአበባው ከበስተ ጀርባ አድርጎ፣ ሰሎሞን ለምስጋና የመረጠውን ያንን መዓዛ ትቶ፣ በባሕር ማዶ ያለውን ማር አስመጣ። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ በጽርእ ትምህርት ቤት ሁሉ መልካም ማር ማለት የአቴና ማር ማለት ነበረ። ኖኖስ የጻፈው ያየውን ሳይሆን የተማረውን ነው። ንቢቱም ብትሆን ስሟ ተነሣ እንጂ እርሷ አልታየችም፤ ስትበርር፣ ስትቀስም፣ ስትናደፍ አናገኛትም። እንጀራው ተጨምቆ የቀረበ ነው። በቤሩት ቅኔ ውስጥ ማር አለ፣ ንብ ግን የለችም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

በዚህ አንጻር የላስታው ታሪክ ሲታሰብ ነገሩ ይገለጣል። በገድሉ እንደሚነገረው ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች መጥተው ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ጌትነቱን ዐወቁ ስትል ላሊበላ አለችው። በሌላም አገር ለታላላቅ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ተነግሯል፤ በ397 ያረፈው የሚላኑ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ሕፃን ሳለ ንቦች ወደ አፉ ገብተው እንደ ወጡ ገድሉን የጻፈው ጳውሊኖስ ይተርካል። በአምብሮስዮስ ታሪክ ንቦቹ የሚመጡት ስለ አንደበቱ ነው፤ ወደፊት የሚሰብከውን ስብከት ጣዕም ሊያመለክቱ። በላስታ ግን የነገሩ ፍሬ የአንደበት ጣዕም አይደለም። ንቦቹ ሕፃኑን አያጣፍጡትም፣ ይመሰክሩለታል እንጂ። ሠራዊት በአውራው ዙሪያ እንደሚሰለፍ መጥተው ይቆማሉ፤ አጠገባቸው የቆመውም ሰው ሳይፈራ አይቀርም። ቤሩት ያለ ንብ ማር አገኘች፤ ላስታ የምትመሰክር ንብን አገኘች። ከሁለቱ የትኛው ምሳሌ ይበልጥ እንደሚከብድ ንብ ያነበበ ገበሬ ሳይቸገር ይፈርዳል።

የማር ምሳሌ ሌላም ደካማ ጎን አለው፤ ይኸውም ቶሎ ማጥገቡ ነው። ይህን ኖኖስ ራሱ ያውቀው ነበር። በዚያው በረጅሙ ድርሰቱ ማርና ወይን በአማልክቱ ፊት ይወዳደራሉ፤ ጠጪዎቹ ማሩን ጥቂት ጽዋ ጠጥተው ይሰለቹታል፣ ወይኑን ግን አይጠግቡትም፤ ወይንም ይረታል። ጠጅ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ሊል ይችል ይሆናል፤ ለጽርእ ሰው ማርና ጌሾ አብረው ምን እንደሚሆኑ የነገረው አልነበረምና። ሆኖም ሰሎሞንም በምሳሌ 25 ማር ያገኘ ሰው በልክ እንዲበላ ያስጠነቅቃል። ጣዕም ብቻ ያለው ግጥም ዕጣው ይህ ነው፤ ሁለት ቤት ሲሰሙት ያስደስታል፣ ዐሥር ቤት ሲሰሙት ያቅራል። በአገራችንም ይህ ጉድለት የለም ማለት አይቻልም። በመልክእ ድርሰቶች ውስጥ ከንፈርና ቃል በተወደሱ ቍጥር ማርና ወተት መምጣታቸው የተለመደ ነው። ከመኃልየ መኃልይ በቀጥታ ቀድቶ ምስጢሩን የሚያሰፋ ደራሲ አለ፤ ስንኙ ስለ ጐደለበት ማር የሚጨምር ደራሲም አለ። የኋለኛው ከኖኖስ የሚለየው ማሩን ከአቴና ሳይሆን ከቀድሞ ድርሰት በማምጣቱ ብቻ ነው።

በኖኖስ ከተመሰገነችው ከዚያች የሕግ ከተማ የወጣ፣ ለእኛ አንባቢዎች ግን ከኖኖስ እጅግ የሚቀርብ አንድ ሰው አለ። ሃይማኖተ አበው ቃሉን የሚጠቅስለት ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ ነው። ሳዊሮስ ከ512 እስከ 518 በአንጾኪያ መንበር ከመቀመጡ አስቀድሞ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በቤሩት ሕግ ተማሪ ነበረ። አብሮት የተማረው ዘካርያስ የወዳጁን ታሪክ ሲጽፍ የዚያን ጊዜውን የተማሪ ኑሮ ተርኮልናል፤ ከሕጉ ትምህርት በሚተርፋቸው ጊዜ የባስልዮስንና የጎርጎርዮስን መጻሕፍት አብረው ያነቡ እንደ ነበረ ይናገራል። ባስልዮስ ደግሞ ለወጣቶች በጻፈው ምክር ስለ ንብ ከጽርእ ባለቅኔዎች ሁሉ የተሻለ ነገር ተናግሯል። ንብ ወደ አበባ ሁሉ እኩል አትሄድም፤ ካረፈችበትም አበባ ሁሉን ተሸክማ አትመለስም፤ የሚበጃትን ወስዳ የቀረውን ትተዋለች፤ የአረማውያንን መጽሐፍ የሚያነብ ክርስቲያንም እንዲሁ ያድርግ ይላል የምክሩ ፍሬ ነገር። በዚህ ምክር ውስጥ ማር ጥቂት ነው፣ ንብ ግን ሙሉ ናት፤ ትመርጣለች፣ ትተዋለች።

አማርኛችን ይህንኑ በአንድ ግሥ ይዞታል። ንብ አበባ ትቀስማለች፤ ተማሪም ትምህርት ይቀስማል። የቅኔ ተማሪ ግን ከዚህ አልፎ፣ ቅኔ ከቈጠረ በኋላ ቅኔ ይዘርፋል ይባላል። ከመቅሰም ወደ መዝረፍ መሸጋገሩ የንብነትን ጠባይ ትቶ የማር ቈራጭን ጠባይ እንደ መያዝ ነው ብሎ የሚቀልድ ቢኖር፣ የቅኔ መምህራን ቀልዱን ሳይወዱት አይቀሩም።

ሳዊሮስ በኋላ ብዙ መዝሙራትን ደርሷል። የጽርኡ መጽሐፍ አብዛኛው ጠፍቶ ድርሰቱ በሱርስት ትርጓሜ ዳነ። የሮሃው ጳውሎስ በ7ኛው መቶ ዓመት ተረጐመው፤ ያዕቆብ ዘሮሃም በ675 ገደማ ትርጓሜውን ሲያርመው የሳዊሮስን ቃል በጥቍር ቀለም፣ ለዜማው ልክ ሲባል ተርጓሚው የጨመረውን ቃል በቀይ ቀለም ለየው። በቀይ ቀለም የቅዱሳንን ስም የሚጽፉ የአገራችን ጸሐፍት ይህን ቢያዩ መደነቃቸው አይቀርም፤ በዚህ ስፍራ ቀዩ ለክብር ሳይሆን ለትሕትና ነውና። ያዕቆብ ማሩን ከሰሙ ለይቶ፣ ነገር ግን ሰሙን ሳይጥል፣ ሁለቱንም በአንድ ገጽ አኖራቸው።

ሌላው የቤሩት ሰው ሮማኖስ ነው። ተወላጅነቱ ዛሬ ሆምስ ከምትባለው ከኤሜሳ ሲሆን በቤሩት በትንሣኤ ቤተ ክርስቲያን በዲቁና አገልግሎ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ፤ በግሪኮች ቤተ ክርስቲያንም ከዜማ ደራስያን ሁሉ በላይ ይከበራል። በእነርሱ ዘንድ እንደሚነገረው በልደት ዋዜማ እመቤታችን በሕልም ተገልጣ የክርታስ ጥቅልል እንዲበላ ሰጠችው፤ በልቶም ተነሣና ዘመረ። ይህ በሕዝቅኤል አምሳል የተነገረ ነው፤ ነቢዩ የበላው መጽሐፍ በአፉ ማር ማር ብሎታልና። የራእዩ ዮሐንስ ግን ሌላ ነገር ጨምሯል፤ ያው መጽሐፍ በአፉ ጣፍጦ በሆዱ መረረ። ስለ ማር ከተጻፈው ሁሉ ይህ መራራነት እጅግ ጠቃሚው ነው፤ ባለቅኔዎች ግን አብዝተው ሕዝቅኤልን ይጠቅሳሉ፣ ዮሐንስን ይዘሉታል።

የሮማኖስ ታሪክ አንድ ነገር ይሸፍናል። ድርሰቶቹን ገልጦ የተመለከተ ሰው የሚያገኘው በአንድ ሌሊት የተዋጠ ጣዕም ሳይሆን ብዙ ድካም ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ከቀደመው ክፍል ጋር በቃል ቍጥርና በዜማ ልክ ይተካከላል፤ የክፍሎቹም መነሻ ፊደሎች ሲገጠሙ የደራሲውን ስምና ትሕትናውን የሚናገር ቃል ይሠራሉ። ሥራው የማር እንጀራ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ እኩል ነው። ታሪኩ ግን ማሩን ብቻ ነግሮን እንጀራውን ዝም ይላል። በዚያው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በዚህ ይበልጣል። አስቀድሞ ትሏ ትመጣለች፤ ዛፍ ስትወጣ ደጋግማ ትወድቃለች፣ ደጋግማም ትነሣለች፤ ትምህርት የጠፋው ብላቴና እርሷን አይቶ ወደ መምህሩ ይመለሳል። ሦስቱ ወፎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጸጋው ሳይሸሸግ ድካሙም አልተሸሸገም።

በቅርቡ ዘመን ስለ ንብ የጻፈው የሊባኖስ ሰው ጂብራን ኻሊል ጂብራን ነው። በ1883 በብሻሪ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ዐረብኛ ለመማር ተመልሶ በቤሩት በሒክማ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1931 በኒው ዮርክ ዐረፈ። በ1923 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ነቢዩ» የተባለው መጽሐፍ ስለ ደስታ በሚናገርበት ክፍሉ ንብንና አበባን ያመጣል፤ ለንብ ማር መውሰድ ደስታዋ እንደ ሆነ ለአበባም መስጠት ደስታዋ ነው ይላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ከኖኖስም የሚሻልበት ነገር አለ፣ ንቢቱን መልሶ አምጥቷታልና። ነገር ግን ጂብራን ያልጠቀሰው ሦስተኛ ወገን አለ። ጢስ ይዞ በሌሊት የሚመጣው ማር ቈራጭ የት ገባ? ንብ ለክረምቷ ያኖረችውን ስታጣ ደስታ ይላታልን? አበባና ንብ ብቻ ባሉበት ዓለም ሁሉም ይሰጣል፣ ሁሉም ይቀበላል፣ የሚነጠቅ የለም። ይህ የጂብራን ጣፋጭነት ነው፤ ጉድለቱም ይኸው ነው።

በቤሩት የሚያልፍ መንገደኛ ይህን ጉድለት ያለ መጽሐፍ ሊያየው ይችላል። በከተማይቱና በዳርቻዋ፣ በቡርጅ ሐሙድና በዶራ ሠፈሮች፣ በሰው ቤት ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት ይገኛሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020) ወደቡ ፈንድቶ ከ200 ሰዎች በላይ በሞቱ ጊዜ ከተማይቱን ስላስጨነቃት መከራ ብዙ ተጽፏል፤ የተጐዱትም የአገሬው ተወላጆች ብቻ አልነበሩም። ቤሩት እንዲህ ስትፈርስ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ551 የምድር መናወጥ ከነትምህርት ቤቷ በጣላት ጊዜ ዮሐንስ ባርቡካሎስ የተባለ ባለቅኔ አጫጭር ልቅሶ ደርሶላታል። በእነዚያ ልቅሶዎች ከተማይቱ ራሷ ትናገራለች፤ ኖኖስ በሕፃንነቷ ያበላትን ማር ግን አታነሣውም። የዛሬይቱ ከተማ ማር በማን እጅ እንደሚሰበሰብ የሚናገር ባለቅኔ ቢነሣ፣ የአቴናን ንብ መጥራት አያስፈልገውም።

አሁን ስለ ሰሙ እንናገር። የዓለም ባለቅኔዎች ከንብ ሥራ ማሩን ሲወስዱ የግዕዝ ሊቃውንት ለቅኔያቸው ስም የመረጡት ሰሙን ነው። አንጥረኛ የሚያሻውን መልክ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይመርገዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶውን ስፍራ ወርቅ ይሞላዋል። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ላይኛው ቃል ሰም፣ ውስጠኛው ምስጢር ወርቅ። ይህ ስም የጣዕምን ነገር አያነሣም። ስለ ቅርጽ ይናገራል፤ ቅርጹም ሊጠፋ የተሠራ መሆኑን ይናገራል። ሰሙ ሸካራ ከሆነ ወርቁ ሸካራ ይወጣል፤ ስለዚህ የሚጠፋውን ነገር እጅግ አጥርቶ መሥራት ግድ ነው። ከቤሩቱ የጥበብ ጽዋ ይልቅ ይህ ምሳሌ ወደ ባለቅኔው እጅ ይቀርባል፤ ጽዋው ስለሚጠጣው ሰው ነው፣ ሰሙ ስለሚሠራው።

ለምሳሌ ባለቅኔው ንብን ሰም አድርጎ ቢያመጣ፣ ቀፎው በኣት፣ አበባው መጽሐፍ፣ መናደፏም ተግሣጽ ይሆንለታል፤ ወርቁ መነኵሴ ነው። ቅኔው መልካም የሚሆነው ግን ንቢቱ በእውነት ንብ ስትሆን ነው። ብትናደፍ መሞቷን፣ ያለ አውራ አለመኖሯን፣ በመስከረም አደይ መክበሯን የማያውቅ ሰው ሰሙን ያበላሻል፤ ሰሙ ከተበላሸ ወርቁን ወዴት ያፈስሰዋል? መምህራን ወርቁ ያማረ ሰሙ የተናቀ ቅኔ ሲሰሙ የማይደሰቱት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በየጉባኤው ሰም ሲባል የሚታሰበው አንጥረኛው ነው፣ ንቢቱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጧፍ አብርቶ በቅኔ ማሕሌት የሚቆመው ደብተራ እንኳ በእጁ የያዘው ብርሃንና በአፉ የያዘው ቅኔ ከአንድ ቀፎ እንደ ወጡ ሁልጊዜ አያስበውም።

ስለ ማር ከተነገረው ሁሉ ወደ ቅኔ እጅግ የሚቀርበው በመጽሐፈ መሳፍንት 14 የተጻፈው የሶምሶን እንቈቅልሽ ነው፤ በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፍ ቀደም ብላ የምትዘምረው ዲቦራም ስሟ በዕብራይስጥ ንብ ማለት ነው። ሶምሶን በሠርጉ ላይ ለሠላሳው ሚዜዎች ያቀረበው ነገር ሰም አለው፣ ወርቅም አለው፤ በላይ የሚበላና የሚበረታ፣ በታች አንበሳና ማር። ከቅኔ የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው፤ እንቈቅልሽ ሲፈታ ያልቃል፣ ሚዜዎቹም ፍቹን ባገኙ ጊዜ ጨዋታው አልቆ ጠብ ሆነ። ቅኔ ግን ከተፈታ በኋላም ይጸናል። ነገር ግን ኖኖስም፣ ሮማኖስን የተረኩለትም፣ ጂብራንም ያልደፈሩትን ሶምሶን ደፍሯል፤ ማሩ ከወዴት እንደ ወጣ በእንቈቅልሹ ውስጥ አስገብቶታል። የወጣው ከሞተ አንበሳ በድን ነው። እናትና አባቱ ከዚያ ማር በሉ፤ ከወዴት እንዳመጣው ግን ለእነርሱ እንኳ አልገለጠም ነበር።